በአራት ቀን አራት ከተማ አይሆንም፤ ሉክሶር ላይ ቁጭ በሉ

ጥያቄው፦ «ከዳላስ ነው የምጽፍልዎት። ለገና አዲስ አበባ ስንሄድ እግረ መንገዳችንን ግብፅ አራት ቀን ቆይተን የጥንቶቹን ቤተ መቅደሶች ልናይ አስበናል። በታኅሣሥ አጋማሽ ማለት ነው። በአራተኛው ቀን ማታ ከካይሮ ወደ አዲስ እንበራለን። አብራኝ ያለችው እማዬ ናት። 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ጤነኛ ናት። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ፒራሚዶቹን፣ አስዋንን፣ አቡ ሲምበልን፣ ኮም ኦምቦን፣ ኤድፉንና ሉክሶርን በግል አስጎብኚ አሳያችኋለሁ ብሎናል። የማታ ባቡር አለበት። ዋጋው ከሌሎቹ ይረክሳል። እኔ በጣም ጥንታዊ የሆኑትን ማየት ነው የምፈልገው። እማዬ ደግሞ የጣዖት ቤት ምን ልሠራ እያለች ታጉረመርማለች። የግል አስጎብኚ ያዋጣል? የትኞቹን እንምረጥ? ምን ይመክሩናል?»

ይህን ፕሮግራም አትግዢው። ግብፅ መሄዳችሁ ጥሩ ነው፤ የግል አስጎብኚ መያዝም ለእናንተ ያዋጣል። ችግሩ በአራት ቀን አራት ከተማ የሚለው ነው።

እስቲ መንገዱን አብረን እንቁጠረው። ከካይሮ አስዋን የማታው ባቡር ወደ 13 ሰዓት ይወስዳል፤ እሱም ካልዘገየ። ከአስዋን አቡ ሲምበል ወደ 280 ኪሎ ሜትር በረሃ ነው። መሄጃው ሦስት ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው ያው። ከአስዋን ሉክሶር ደግሞ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የትም ሳትቆሙ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ በሉት። ሲደመር ከ23 ሰዓት በላይ ባቡርና መኪና ውስጥ ናችሁ። ኮም ኦምቦና ኤድፉ ላይ መውረድ መውጣቱን፣ ከሉክሶር ካይሮ መመለሻውን ገና አልቆጠርኩም። ጉልበት ለሚያማቸው የ68 ዓመት ሰው ይሄ ቅጣት ነው።

ድርጅቱ ያላሰበው፣ አስቦትም ከሆነ ያልነገረሽ ሌላ ነገር አለ። አስጎብኚው የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው። እናትሽ በእንግሊዝኛ ታሪክ መከታተል ካልቀለላቸው አስተርጓሚዋ አንቺ ነሽ። እሱ አምስት ደቂቃ ይናገራል፤ አንቺ አምስት ደቂቃ ትተረጉሚያለሽ። እናትሽ ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው ይተረጎማል፤ መልሱም እንደገና ይተረጎማል። ለሌላው ሰው አንድ ሰዓት የሚበቃው ቦታ ለእናንተ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ከብዙ ሰው ጋር በቡድን ብትገቡ ደግሞ ገና ስትተረጉሚ ቡድኑ ጥሏችሁ ይሄዳል። የግል አስጎብኚ ለእናንተ ያዋጣል ያልኩት ለዚህ ነው። ቅንጦት ስለሆነ አይደለም፤ እናንተን ጠብቆ የሚሄድ ሰው ስለሚያስፈልጋችሁ ነው። በአማርኛ የሚያስጎበኝ ፈቃድ ያለው ሰው ሉክሶር ላይ ማግኘት በጣም ከባድ ነው። አገኝልሻለሁ የሚል ካለ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ሰውዬው ራሱ በስልክ ያናግርሽ።

እንግዲህ ምክሬ ይሄው። ካይሮ እንደደረሳችሁ በዚያው ቀን በአውሮፕላን ሉክሶር ሂዱ። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሦስቱንም ሌሊት አንድ ሆቴል እደሩ። አስጎብኚ የያዛችሁት ለሁለት ቀን ብቻ ይሁን፤ እነዚያን ሁለት ቀናት ግን ጥሩ ሰው ያዙ። አራተኛው ቀን ጠዋት ወደ ካይሮ ተመለሱና ከሰዓት በኋላውን ለእናትሽ ስጪ። አስዋንና አቡ ሲምበል ለሌላ ጊዜ ይቆዩ።

ዝርዝሩን ከመንገሬ በፊት «በጣም ጥንታዊ የሆኑትን» ያልሽው ላይ ትንሽ ላርምሽ። ፒራሚድ መቃብር ነው፤ ቤተ መቅደስ ሌላ ነገር ነው። በዘመንም በጣም ይራራቃሉ። የጊዛው ትልቁ ፒራሚድ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2560 ገደማ ነው። ሉክሶር ባለው ትልቁ ቤተ መቅደስ፣ ካርናክ ላይ ሰው ሁሉ አንጋጦ የሚያየው የአዕማድ አዳራሽ ከዚያ ወደ 1,300 ዓመት ዘግይቶ፣ በሴቲ አንደኛና በልጁ በራምሴስ ሁለተኛ ዘመን የተሠራ ነው። ሙሉ ሆነው የቆዩት ቤተ መቅደሶች ደግሞ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ኤድፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ237 ተጀምሮ በ57 ነው ያለቀው። በዚያ ጊዜ ግብፅን የሚገዙት ከመቄዶንያ የመጡት በጥሊሞሶች ነበሩ፤ በመጨረሻም ክሊዮፓትራ። እነዚህ ሕንፃዎች የተረፉት ዕድሜያቸው ስላነሰ ብቻ አይደለም። አሸዋና የመንደር ቤቶች ውጠዋቸው ስለነበር ድንጋያቸውን የሚዘርፍ አልነበረም። ኤድፉን ማሪዬት የሚባል ፈረንሳዊ በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. አስጠርጎ ሲያወጣው ጣሪያው ላይ ሰዎች ቤት ሠርተው ይኖሩበት ነበር። ስለዚህ «በጣም ጥንታዊውን» ብለሽ ከመረጥሽ ብዙ ጊዜ የሚጠብቅሽ የግድግዳ ቁራጭ ነው። ጣሪያው ያለ፣ ጨለማው ያለ፣ ሙሉ ቤት ማየት ከፈለግሽ ወደ ኋለኞቹ መሄድ አለብሽ። ለዚህ ደግሞ ኤድፉ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ከሉክሶር በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የደንደራ ቤተ መቅደስ አለ።

የእናትሽ ነገር እንዲህ ነው። ዛሬ እዚያ የሚያመልክ የለም፤ ዕጣንም አይጨስም። እናትሽ ግን የቤቱን አሠራር ከብዙ ቱሪስት ቀድመው ይረዱታል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብሎ እንደሚከፈል ሁሉ ያኛውም ከውጭ ወደ ውስጥ ይከፈላል። መጀመሪያ ሰፊ ግቢ፣ ቀጥሎ የአዕማድ አዳራሽ፣ ከዚያ ትንንሽ ክፍሎች፣ በመጨረሻ ጣዖቱ የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል። ወደ ውስጥ በገባሽ ቁጥር ወለሉ ከፍ፣ ጣሪያው ዝቅ ይላል፤ ብርሃኑም እየደከመ ይሄዳል። ተራው ሕዝብ በበዓል ቀን ግቢው ድረስ ቢመጣ ነው። ከዚያ ወዲያ የካህናትና የንጉሡ ነው። ብዙ ጎብኚ «ሕዝቡ እዚህ ተሰብስቦ ይጸልይ ነበር» ብሎ ያስባል፤ ስህተት ነው። ይህን በር ላይ ለእናትሽ ንገሪያቸው። ከዚያ በኋላ ራሳቸው ይመሩሻል።

መጽሐፍ ቅዱስም አብሯቸው ይገባል። ካርናክ የመጀመሪያው ግቢ መሐል ብቻውን የቆመ በጣም ረጅም ዓምድ አለ። የታሃርቃ ነው። በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 «የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ» የተባለው ሰው ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ በዪ። በዚያ ጥቅስ ኢትዮጵያ የተባለው የኩሽ መንግሥት ነው፤ መቀመጫው ናፓታ ዛሬ ሰሜን ሱዳን ውስጥ ነው። ከኢትዮጵያ መጣን ስትሉ አስጎብኚው «የእናንተ ንጉሥ!» ብሎ ሊያስደስታችሁ ይሞክራል። ፈገግ ብላችሁ እለፉት። ከዚያው ግቢ በደቡብ በኩል የፈርዖን ሾሼንቅ በር አለ። አብዛኞቹ ሊቃውንት በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 14 ኢየሩሳሌምን የዘረፈው ሺሻቅ እሱ ነው ይላሉ። ግድግዳው ላይ የዘመተባቸው ከተሞች ስም በእስረኛ ምስል እየተደረገ ተዘርዝሯል። ብዙ ቡድን ሳያየው ነው የሚያልፈው። አስጎብኚውን ሺሻቅን አሳየን በዪው።

የመጀመሪያው ቀን ምሽት አስጎብኚ አያስፈልጋችሁም። የሉክሶር ቤተ መቅደስ ከተማው መሐል፣ ዓባይ ዳር ነው። ማታም ክፍት ነው፤ መብራቱ ያምርበታል፤ ወለሉም ደልዳላ ስለሆነ ለጉልበት አይከብድም። በሩ ላይ አንድ የድንጋይ ሐውልት ብቻውን ቆሞ ታገኛላችሁ። ጓደኛው ከ1836 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓሪስ ኮንኮርድ አደባባይ ላይ ነው። ቀና ስትሉ ደግሞ በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ የአቡ ሐጃጅ መስጊድ ተቀምጧል፤ ዛሬም ይሰገድበታል። ወደ ውስጥ ስትገቡ ሮማውያን የፈርዖኑን ቅርጽ በኖራ ሸፍነው የራሳቸውን ሥዕል የሣሉበት ክፍል አለ። እነዚህን ሦስቱን አይታችሁ ተመለሱና ተኙ። ነገ ማልዶ መነሣት ነው።

ሁለተኛው ቀን የዓባይ ምዕራብ ዳርቻ። ከዚህ በኋላ ሰዓት የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ከአስጎብኚው ጋር ስትነጋገሪ ግን በእነሱ ነው። ስድስት ሰዓት ብሎሽ ቀትር ላይ ብትወርጂ ቀኑ ሄደ። ቦታዎቹ የሚከፈቱት ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ልክ እንደተከፈተ ግቡ። ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆን ከሁርጋዳ የባሕር ዳርቻ የሚመጡት አውቶቡሶችና የዓባይ መርከቦቹ ሰው አንድ ላይ ይደርሳል። ታኅሣሥ ደግሞ ዋናው የቱሪስት ወቅት ነው። ከዚያ በኋላ የምታዩት የሰው ጀርባ ነው።

በንግሥት ሐትሸፕሱት ቤተ መቅደስ ጀምሩ። ከበሩ እስከ እግሩ ድረስ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትንሽ ባቡር መሰል መኪና አለ፤ ተሳፈሩበት። ከዚያ ወዲያ ዘቅዘቅ ባለ መንገድ ነው የሚወጣው። እናትሽ እስከ ሁለተኛው እርከን ከወጡ ይበቃቸዋል። እንዲያውም ለእኛ ዋናው ነገር ያለው እዚያው ነው። ወደ ላይ ስትወጡ በግራ በኩል ባለው በረንዳ ንግሥቲቱ ፑንት ወደሚባል አገር የላከችው መርከብ ታሪክ ተቀርጿል። ጉዞው የተደረገው በነገሠች በዘጠነኛው ዓመት ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1470 አካባቢ።

እዚህ ግድግዳ ላይ ቸኩለሽ አትለፊ። መጀመሪያ ከታች ያለውን ውኃ ተመልከቺ። ዓሦቹ እያንዳንዳቸው ዝርያቸው እስኪለይ ድረስ የተቀረጹ የቀይ ባሕር ዓሦች ናቸው። ከዚያ የፑንት መንደር አለ። ቤቶቹ በእንጨት እግር ላይ ከፍ ብለው የቆሙ ናቸው፤ መውጫቸው መሰላል ነው። የከርቤ ዛፍ ከነሥሩ በቅርጫት ተደርጎ፣ ሰዎች በሸክም እንጨት ተሸክመውት ወደ መርከብ ይገባል። ዝንጀሮዎች መርከቡ ላይ ይሯሯጣሉ። የፑንቱ አለቃ ፓራሁ ይባላል፤ ሚስቱ አቲ ከኋላው ሰውነቷ ከብዶ ትታያለች። የእሷ ምስል ያለበት ዋናው ድንጋይ ወደ ካይሮ ሙዚየም ተወስዷል። ፑንት የት ነበር የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። በግብፅ መቃብሮች በተገኙ የዝንጀሮ ሙሚዎች ላይ በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ምርመራዎች ወደ ዛሬዎቹ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያና አካባቢያቸው ጠቁመዋል። ስለዚህ «ፑንት ኢትዮጵያ ናት» ብለሽ አትፈርሚ፤ «ከእኛ ሰፈር ብዙም አይርቅም» ብትዪ ግን የሚከራከርሽ ጥቂት ነው። ብዙ አስጎብኚ በዚህ በረንዳ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ነው የሚያልፈው። አስቀድመሽ ግማሽ ሰዓት እዚህ እንፈልጋለን በዪው። የግል አስጎብኚ ጥቅሙ ይሄ ነው።

ቀጥሎ መዲነት ሀቡ። የራምሴስ ሦስተኛ ነው፤ ከመኪና መውረጃው ብዙም አያስኬድም። በዝና ከሌሎቹ ያንሳል፤ ለእኔ ግን ከምዕራብ ዳርቻው ሁሉ ምርጡ እሱ ነው። ጽሑፉ በጣም ጠልቆ ስለተቀረጸ ጣት ይገባበታል። ከጣሪያው ሥር ቀለሙ እስካሁን አለ። ጸሐፊዎች ከሞቱ ጠላቶች የተቆረጡ እጆችን ክምር ሲቆጥሩ የሚያሳይ ግድግዳ አለ፤ እናትሽ ላይወዱት ይችላሉ። ሁለተኛው ግቢ ለብዙ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ነበር። በዙሪያውም ክርስቲያኖች የሚኖሩበት ከተማ ነበር። አንዳንዱ ምስል ፊቱ የተፈቀፈቀው በእነሱ ነው፤ ጣዖት ነው ብለው። ይህን ሲሰሙ እናትሽ ማጉረምረማቸውን የሚተዉ ይመስለኛል።

የነገሥታት ሸለቆን ከጨመራችሁ ሦስት ነገር እወቂ። አንደኛ፣ መደበኛው ቲኬት ሦስት መቃብር ብቻ ያስገባል። ቱታንክሃሙንና ሴቲ አንደኛ ለየብቻቸው ተጨማሪ ይከፈልባቸዋል። የቱታንክሃሙን መቃብር ትንሽ ናት፤ አብዛኛው ዕቃ በጊዛው አዲሱ ትልቁ ሙዚየም ነው ያለው። ሁለተኛ፣ አስጎብኚ መቃብር ውስጥ ገብቶ ማስረዳት አይፈቀድለትም። ውጭ ቆሞ ሥዕል እያሳየ ይነግራችኋል፤ የምትገቡት ለብቻችሁ ነው። ከፍለነው ጥሎን ቀረ ብለሽ አትጣዪው። ሦስተኛ፣ ለእናትሽ ጉልበት የራምሴስ አራተኛን መቃብር ምረጪ። ቅርብ ነው፤ ሰፊና ቁልቁለቱ ቀለል ያለ ነው። የቱትሞስ ሦስተኛ መቃብር ገደል ላይ በደረጃ ተወጥቶ ነው የሚገባው፤ ለእሳቸው አይሆንም። ከደከማቸው ሸለቆውን ጭራሽ ተዪው። የመጣችሁት ቤተ መቅደስ ልታዩ ነው።

ሦስተኛው ቀን ካርናክ፣ ከዚያ ደንደራ። ካርናክ ልክ ሲከፈት ግቡ። አዳራሹ 134 ዓምዶች አሉት። የመሐለኞቹ 12ቱ ከሌሎቹ ይረዝማሉ፤ 21 ሜትር ገደማ ናቸው። ጠዋት ፀሐይዋ በጎን ስትገባ ጥላውና ብርሃኑ ይፈራረቃል፤ ፎቶ የምታነሺው ያኔ ነው። ካርናክ በጣም ሰፊ ስለሆነ ሁሉንም እንይ አትበሉ። የመጀመሪያው ግቢ፣ አዳራሹ፣ የሐትሸፕሱት ሐውልትና የሾሼንቅ በር ከተጎበኙ በቂ ነው። ወደ ሉክሶር ቤተ መቅደስ የሚወስደው የስፊንክሶች መንገድ 2.7 ኪሎ ሜትር ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. በትልቅ ሥነ ሥርዓት ተከፍቷል። ያምራል፤ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሄድ አትሞክሩት።

ከካርናክ ቀጥታ ደንደራ። መንገዱ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ እናትሽ መኪና ውስጥ ያርፋሉ። ሐቶር የምትባለው የጥንት ግብፃውያን አምላክ ቤተ መቅደስ ከነጣሪያው ቆሟል። ሰዎች ለዘመናት ውስጡ እሳት እያነደዱ ኖረውበት ጣሪያው በጥላሸት ጠቁሮ ነበር። ጥላሸቱ ሲጸዳ ከሥሩ ሰማያዊው ወጣ፤ ትናንት የተቀባ ነው የሚመስለው። ሰማይ፣ ከዋክብት፣ ጀልባዎች። ጣሪያው ላይ ባለችው ክፍል ያለው ክብ የዞዲያክ (የከዋክብት ምድቦች) ሥዕል ቅጂ ነው፤ ዋናው ሉቭር ሙዚየም ነው ያለው። ለእሱ ብሎ እናትሽን ደረጃ ማስወጣት አያስፈልግም፤ ጠባብ የሆነው ምድር ቤትም ይቅርባቸው። ከኋላ በኩል ባለው የውጭ ግድግዳ ክሊዮፓትራና ከዩልየስ ቄሳር የወለደችው ልጇ ተቀርጸው ይታያሉ። ስትወጡ በግቢው ውስጥ የጥንት የክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ አለ። እናትሽን እዚያ አሳርፊያቸው።

ጊዜው ጾመ ነቢያት ነው። እናትሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ይህን ለአስጎብኚው አስቀድመሽ ንገሪው። ታኅሣሥ ላይ ሉክሶር አያቃጥልም፤ ቀኑ ለብ ያለ፣ ማለዳው ቀዝቃዛ ነው፤ ሹራብ ያዙ። ግን ውኃ ሳይቀምሱ ፀሐይ ላይ መዋል በ68 ዓመት ቀላል አይደለም። ሁለቱንም ቀን ከሰባት ሰዓት በፊት ጨርሳችሁ ሆቴል ግቡ። የሚበላ አይቸግራችሁም። ኮፕቶችም በዚያው ሰሞን ይጾማሉ። «ሲያሚ» በሏቸው፤ የጾም ምግብ ማለት ነው። ፉል፣ ከባቄላ የሚሠራው ጣእሚያና ኮሸሪ ሁሉም ጾም ናቸው። ፉሉ ላይ ቅቤ እንዳይጨምሩ ብቻ ተናገሩ።

አሁን ወደ ዋጋው። ርካሽ የሆነው ለምን ይመስልሻል? አስጎብኚው በቀን ይከፈለዋል፤ መኪናውና ሹፌሩ በቀን ነው፤ የመግቢያ ቲኬት በየቦታው ለየብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱም በግማሽ ዋጋ አይገኝም። ዋጋው ዝቅ ካለ ጉድለቱን የሚሞላው ሌላ ሰው አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ባለሱቁ። የምዕራብ ዳርቻው መንገድ የአልባስተር ድንጋይ ሱቅ ሞልቶበታል። የፓፒረስና የሽቶ ሱቅም አለ። «አሠራሩን እንዲያዩ» ተብላችሁ ትገባላችሁ፤ ሻይ ይቀርባል፤ ከምትገዙት ላይ ኮሚሽኑ ላመጣችሁ ይከፈላል። የሚጠፋው ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ጠዋቱ፣ ያ ባዶው ሰዓት፣ ሱቅ ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ሱቅ የሚባል እንዳይኖር በጽሑፍ አስገቢ።

«በግል» የሚለውም ብዙ ፊት አለው። አንዳንዱ መኪናው ብቻ የግል ነው፤ አስጎብኚው በር ላይ ከሌላ ቡድን ጋር ያቀላቅላችኋል። አንዳንዱ ሹፌር ሆኖ «እኔው አስረዳችኋለሁ» ይላል። በግብፅ ጎብኚ ለማስጎብኘት ከቱሪዝምና ቅርስ ሚኒስቴር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ ያለው መታወቂያውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ሹፌር ይህ የለውም፤ ውስጥ ገብቶ ማስረዳት አይችልም። ስለዚህ የሚመጣውን ሰው ስም፣ የፈቃድ መታወቂያውን ፎቶና ሁለቱንም ቀን ያው ሰው መሆኑን ጠይቂ። ከካይሮ አስጎብኚ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የሱ አውሮፕላንና ሆቴል በእናንተ ላይ ነው የሚታሰበው። የሉክሶር ሰው ይሻላል። ጠባቂውን ያውቃል፤ የቱ መቃብር ዛሬ ዝግ እንደሆነ ያውቃል። ግን ተአምር አትጠብቂበት። ሰልፍ አያዘልልም፤ የተዘጋ ቦታም አያስከፍትም። ልዩ ፈቃድ ቢኖር እንኳ በሚኒስቴሩ በኩል በወረቀትና በክፍያ ነው።

አንዳንድ ጥቃቅን ነገሮች። በዋና ዋናዎቹ ቦታዎች ቲኬት የሚቆረጠው በባንክ ካርድ ነው፤ ሁለት ካርድ ያዢ። ዝርዝር የግብፅ ፓውንድ ግን አይለይሽ። ጠባቂው በጣቱ ጠቅሶ ጨለማ ጥግ ያለ ሥዕል ካሳየሽ ባቅሺሽ፣ ማለትም ጉርሻ፣ ይፈልጋል፤ ካላሰብሽበት አትከተዪው። ገመድ አንሥቶ «ግቢ» ቢልሽ እምቢ በዪ፤ ሲያዙ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። በስልክ ፎቶ ማንሣት ይቻላል፤ ፍላሽ አይቻልም። ድሮን ይዘሽ እንዳትሄጂ፤ አየር ማረፊያ ላይ ይወሰድብሻል። በሙቅ አየር በሚበረው ፊኛ ላይ እንድትወጡ ሆቴሉ ይገፋፋችኋል። ቅርጫቱ ውስጥ መግባቱና ሲያርፍ መንገጫገጩ ለታመመ ጉልበት አይሆንም፤ ሉክሶር ላይ በ2013 እ.ኤ.አ. 19 ሰው የሞተበት አደጋም ደርሷል። እኔ አላደርገውም።

አቡ ሲምበል እንዳይቆጭሽ እውነቱን ልንገርሽ። ግሩም ነው። ራምሴስ ሁለተኛ ከአለት ፈልፍሎ የሠራው ነው። የአስዋን ግድብ ውኃ ሊውጠው ሲል በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ተቆራርጦ 65 ሜትር ያህል ወደ ላይ ተነሥቶ እንደገና ተገጣጠመ። ግን በሰባት ሰዓት መንገድ የምታገኙት ሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ በትርጉም ሲሆን አንድ። ስድስት ቀን ኖሯችሁ ቢሆን ሌላ ነገር እላችሁ ነበር። ያኔ ከሉክሶር አስዋን በመኪና ሄዳችሁ ኤድፉንና ኮም ኦምቦን መንገድ ላይ፣ የኢሲስን ቤተ መቅደስ ፊሌን በጀልባ ታያላችሁ። ፊሌ ላይ በ394 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የመጨረሻው የሂሮግሊፍ (የጥንት ግብፃውያን የሥዕል ፊደል) ጽሑፍ ተቀርጿል፤ በኋላም ቤተ ክርስቲያን ሆኖ መስቀል ተቀርጾበታል። አቡ ሲምበል ያኔም ቢሆን በአውሮፕላን ከሆነ ነው።

አራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አሮጌው ካይሮ። ቅድስት ቤተሰብ በስደት ጊዜ አርፈውበታል የሚባለው ዋሻ ያለበት የአቡ ሰርጋ ቤተ ክርስቲያን እዚያ ነው። ከሮማውያን ምሽግ በር በላይ የተሠራችው «ተንጠልጣይዋ» ቤተ ክርስቲያንም ጥቂት ርምጃ ነው፤ ደረጃ ስላላት ቀስ በሉ። ለእዚህ አስጎብኚ አትክፈሉ፤ ታክሲ ይበቃችኋል። ጉዞውን ለእናትሽ ስትነግሪያቸው ከዚህ ጀምሪ፤ ቤተ መቅደሶቹን ከኋላ አምጪያቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ቪዛ። አንቺ የአሜሪካ ፓስፖርት ካለሽ በኢንተርኔት ታወጪዋለሽ። እናትሽ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ የሚሄዱት ምን እንደሚያስፈልጋቸው ከግብፅ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ግሪን ካርድ ስላላቸው ዝም ብለው ይገባሉ የሚልሽን ድርጅት በወረቀት ጽፈህ ስጠኝ በዪው። ቪዛው እጃችሁ እስኪገባ ድረስ የማይመለስ የአውሮፕላን ቲኬት አትቁረጪ። ለአስጎብኚውም ቅድሚያ ክፍያ ከጠየቀሽ ትንሽ ብቻ ላኪ፤ ቀሪውን ሉክሶር ላይ በየቀኑ ማብቂያ ክፈዪው።